ከመሀል የሸሸው ምድጃ

ሰኔ 17

ትመጣለች! ፀደይ እናቷ ቤት መጥታ ልትወልድ ነው! ደብተሬ፣ ሰላምታው ይቆይሽ፤ ከተለያየን ስንት ወር እንደሆነን ራሴም አላውቅም፣ ግን ዛሬ ካልጻፍኩ ልቤ ፈንድቶ ይወጣል። ስልኩን ዘግቼ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ አጥሩ ነው። «አልማዝ! አልማዝ!» ስል ጎረቤቴ አልማዝ ሊጥ በእጇ እንደያዘች ወጣች።

«ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«ሰው ሊወለድ ነው እንጂ ምን ይሞታል!»

እልል ስትል ሊጡ አጥሩ ላይ ቀረ።

ለመውለድ ሁለት ወር ቀርቷታል። መምህር ናትና ትምህርት እንደተዘጋ ከባሏ አገር ከመካነ ብርሃን ትነሳለች። በኩሯን በእናቷ ቤት ትወልዳለች፤ እንደ ደንቡ፣ እንደ እኔ፣ እንደ እናቴ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለፋሲካም ለጥምቀትም ያልመጣች ልጅ! ሥራ ስለሚበዛባት ነው። መምህርነት ቀልድ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ አለች። አማቷ ወይዘሮ አማረች አብረዋት ይመጣሉ። ክፍሉን ያያሉ። ብርድ የሌለበት ከሆነ ትተዋት ይሄዳሉ፣ ካልሆነ ግን ይዘዋት ይመለሳሉ። «እሳቸው ቤት እሳት ሌት ተቀን አይጠፋም፣ እማዬ። ለአራስ ብርድ ክፉ ነው ይላሉ።»

ይሁን። ይምጡና ይዩ።

ሰኔ 18

እንዴት አደርሽ ደብተሬ፤ የትናንቱን ሰላምታ አሁን ተቀበይ።

ክፍሉን ከፈትኩት። የፀደይ ክፍል ማለት የቤታችን ትልቁ መኝታ ቤት ነው። ቤቱ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የድንጋይ ቤት ነው፤ ከቁስቋም በታች እንዲህ ያሉ ጥቂት ቤቶች አሉ። ጣሊያኑ የጎንደር ክረምት በርዶት ኖሮ መኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ምድጃ ሠርቷል። መሥራቱስ ይሥራ፤ ምነው መሀል ላይ ቢያደርገው!

ሃያ ምናምን ዓመት ቁምሳጥን ገትረንበት ረስተነው ነበር። ዛሬ ባለቤቴ ማንያዘዋልና እኔ ቁምሳጥኑን ስንገፋው ጥቁር አፉን ከፍቶ ጠበቀን። ሜትር አምጥተን ለካን። ግድግዳው አራት ሜትር ከሃያ ነው። ምድጃው ራሱ ሜትር ከሃያ ስፋት አለው፤ ከግራው ጥግ ስልሳ ሳንቲም ብቻ ርቆ ተለጥፏል። በቀኙ በኩል ሁለት ሜትር ከአርባ ባዶ ሜዳ! ማንያዘዋል ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው፣ ዓለምን ሁሉ በማኪና ነው የሚያያት። አንገቱን ዘመም አድርጎ አየውና «ባላንስ የለውም» አለ።

ራስጌ ሁልጊዜ ከሥዕለ ማርያም ሥር ነው፤ ሥዕሏ ደግሞ በዚሁ ግድግዳ መሀል ላይ ተሰቅላለች። አልጋውን መሀል ሳደርገው የምድጃውን ግማሽ ይሸፍናል። ወደ ቀኝ ሳስጠጋው እንዳኮረፈ ሰው ጥግ ይይዛል። አምስት ጊዜ ገፋነው። ስድስተኛው ላይ ማንያዘዋል አልጋው ላይ ተኝቶ «እዚሁ ውለጅኝ» አለኝ።

ወይዘሮ አማረች ይህን ቢያዩ ምን ይላሉ? የከተማ ሰው አልጋ መዘርጋት እንኳ አያውቅም ይላሉ።

ሰኔ 23

ግንበኛው አያ አለኸኝ ቱምቢያቸውን፣ ያን የግድግዳ ማቅኛ ገመዳቸውን፣ ይዘው መጡ። አዩ፣ ለኩ፣ ወደ ኋላ ሄደው እንደገና አዩ። ከዚያ ጣታቸውን አነሱ።

«ስሚ ሸዋረጋ። በቀኝም አንድ የውሸት ምድጃ እንገንባለትና ሁለቱ ይመጣጠኑ። አልጋው በመሀላቸው ይገባል።»

«አያ፣ አንዱን ማጥፋት ላቃተኝ ሴትዮ ሁለተኛ ይጨምሩልኛል?»

«ኧረ ሸጋ ነው የሚሆነው! የንጉሥ መኝታ ነው የሚመስል!»

ማንያዘዋል በወረቀት ሲያሰላ ቆይቶ ቀና አለ። «አያ አለኸኝ፣ በሁለቱ መሀል የሚቀረው ስልሳ ሳንቲም ነው። ስልሳ ሳንቲም ላይ የሚተኛው ማነው? ድመት ነው?»

ሦስታችንም እስክናነባ ሳቅን። ወዲያው ተስማማን፤ በብሎኬት ይደፈናል፣ ይለሰናል፣ ነጭ ይቀባል። ምድጃ ነበረ የሚል አይኖርም።

ሐምሌ 1

ዝናብ፣ ዝናብ። ብሎኬቱ መጣ። ያመጡት ሰዎች ሳሎኔን ጭቃ አደረጉት። ከመደፈኑ በፊት ማንያዘዋል ሻማ ለኩሶ ወደ ምድጃው አፍ አስጠጋ። ነበልባሉ ቀጥ፤ ንቅንቅ የለም። «አየሽ? ነፋስ የሚባል አያስገባም።» ተመስገን ነው።

አልማዝ «ከነምኑ በመጋረጃ ሸፍኚው» ትላለች። መጋረጃ? ወይዘሮ አማረች ገልጠው ቢያዩትስ? እሳቸው ሳይገልጡ አይመለሱም። ይህን ያልኩት በክፋት አይደለም።

ሐምሌ 6

ትናንት የሐዋርያት ጾም ተፈታ። ዛሬ የእኔ አፍ ተፈታ።

ፀደይ ደወለች። ስለ እግሯ እብጠት፣ ስለ እንቅልፏ ስንጨዋወት ቆይተን «እማማ ሊያነጋግሩሽ ነው» አለችና ስልኩን አቀበለች። ድምፃቸውን ከሰማሁ ሦስት ዓመቴ ነው። «እንደምን አሉ፣ እትዬ ሸዋረጋ» አሉኝ። በአንቱታ፤ መንገድ ላይ ላገኙት ሰው እንደሚሉት። «ያ ክፍል እሳት አለው ወይ?»

ምን እንደነካኝ እንጃ። «ምን ጠፍቶ! ምድጃ አለው እንጂ! እዚያው መኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ! ጢሱ በጣሪያ ይወጣል፤ ቤት የሚገባ አንዲት ቅንጣት ጢስ የለም!» አልኩ። እሳት ነድዶበት አይቼ አላውቅም። እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ክብሪት አልተጫረበትም።

ጢስ የሚለውን ቃል እንዳወጣሁ በወዲያ በኩል ዝም ተባለ። ዝናብ ብቻ ይሰማኛል፤ የእነሱ ይሁን የእኛ አላውቅም። ቆይተው «ሸጋ። መጥተን እናያለን» አሉ።

ለምን ጢስን አነሳሁ? ስንት ቃል እያለ!

እዚህ ልጻፈው፤ ሌላ የምነግረው የለኝም። ለፀደይ ሠርግ ቅልቅል መካነ ብርሃን የሄድን ዕለት ነው። ቤታቸው እሳቱ መሀል ላይ ይነዳል፤ ዓይኔ አለቀሰ። ወደ አልማዝ ጠጋ ብዬ «ልጄን አስተምሬ አስተምሬ ለጢስ ቤት ሰጠኋት» አልኳት። ለጆሮዋ ያልኩ መስሎኝ ነበር። ዞር ስል ወይዘሮ አማረች የእጅ ውኃ ይዘው ከኋላዬ ቆመዋል። እጄን አስታጠቡኝ።

ፀደይ የማትመጣው ሥራ ስለሚበዛባት ነው ብያለሁ አይደል? ብያለሁ።

ስልኩ እንደተዘጋ ወደ ክፍሉ ሮጥኩ። አያ አለኸኝ ሦስት ረድፍ ብሎኬት ደርድረዋል።

«አፍርሱት!»

«ምኑን?»

«ምድጃው ይነዳል!»

«ይደፈን አላልሽም?»

«ትናንት ነዋ! ዛሬ ይነዳል!»

መዶሻቸውን አስቀምጠው ማንያዘዋልን አዩት። ማንያዘዋል «እኔን አይዩኝ፣ መሪው እሷ ጋ ነው» አለ።

ሐምሌ 10

አያ አለኸኝ የምድጃውን ወለል በሲሚንቶ ለሰኑት። «ሳምንት ሳይሞላው እሳት እንዳታስነኪው፣ ይሰነጠቃል» ብለዋል። ግድ የለም፤ የሚመጡት ለሐምሌ 19 ነው። በ17 እሞክረዋለሁ። የደረቀ ወይራ አስመጥቼ ሳሎን ደርድሬያለሁ። በአፉ ገብቼ እጄ እስከደረሰበት ጥላሸቱን ጠረግኩት። ስወጣ ማንያዘዋል «ሞተር ሥር የዋለ ረዳት መስለሻል» አለኝ።

አልጋው አሁንም ጥጉን ይዟል። ሲያየኝ ፊቱን የሚያዞር ነው የሚመስለኝ።

ሐምሌ 13

መንገድ ተዘግቷል አሉ። ናዳ ነው የሚል አለ፣ ሌላ የሚልም አለ። ስልክ አይገባም። ከመጡስ መጡ፤ ካልመጡ ደግሞ እዚያው እሳት አጠገብ ናት፣ ምን ትሆናለች። ለልጅቷ የሚሻለው ከሆነ እኔ ምን ቸገረኝ።

ቸግሮኛል።

አልጋውን እንደገና ገፋሁት።

ሐምሌ 15

መጡ!!! አራት ቀን ቀድመው! ነገ እጽፋለሁ፤ ዓይኔ ያቃጥለኛል። ከመሳቅም ነው። ከሌላም።

ሐምሌ 16፣ ጠዋት

ዓይኔ ተሽሎታል። ከመጀመሪያው ልጀምር።

ትናንት ቀትር ላይ መንገዱ ሲከፈት፣ ደግሞ ሳይዘጋ ብለው በመጀመሪያዋ ማኪና መጥተዋል። በሩ ሲንኳኳ እኔ ጥላሸት የነካው ቀሚስ ለብሻለሁ። ፀደይ ሆዷን አስቀድማ ገባች። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሆዷ አላገናኝ ስላለን በጎን ተቃቀፍን። «ከሳሽ፣ እማዬ» አለችኝ። እኔ እንኳ አልከሳሁም፤ ግን ደስ አለኝ።

ወይዘሮ አማረች ከኋላዋ ቆመዋል። ጋቢያቸው ርሷል። በክንዳቸው የቅቤ ቅል ታቅፈዋል። ተቀበልኳቸው ብዬ እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም። «ክፍሉ የት ነው?» አሉ።

ገቡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳበሱ። «ይበርዳል።» አልጋውን አዩ፣ ምንም አላሉም፤ ያ ደግሞ ከማለት ይብሳል። «እሳቱስ?»

ሲሚንቶው ሳምንት አልሞላውም። አያ አለኸኝ አስጠንቅቀውኛል። ሙከራውም አልተሞከረም። ግን ሴትዮዋ ቅላቸውን መሬት አላስቀመጡም፤ በያዙት አኳኋን ተመልሰው ሊወጡ የሚችሉ ይመስላሉ። ጭራሮውን ከሥር አደረግኩ፣ ወይራውን ደረደርኩ፣ ክብሪት ጫርኩ።

ሸጋ አድርጎ ነደደ። «አዩ?» አልኩ። ቃሉን ሳልጨርስ ጢሱ ወደ ላይ ሄዶ ሄዶ፣ ዕቃ እንደረሳ ሰው ተመለሰ።

ወዲያው ክፍሉ ጠፋ። ማንያዘዋል «መስኮት! መስኮት!» ይላል፤ መስኮቱን የጋረደው ራሱ ነው። እኔ የፀደይን እጅ ይዤ በበሩ ጎተትኩ፤ ግቢ ስደርስ የያዝኩት የወይዘሮ አማረችን እጅ ኖሯል። ፀደይ ቀድማን ወጥታለች። አራታችንም ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተሰለፍን፤ ዝናቡ ከፊታችን፣ ጢሱ ከኋላችን። የአራታችንም ዓይን ያለቅሳል።

ወይዘሮ አማረች በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

«እንግዲህ እትዬ ሸዋረጋ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «እኔም ምራቴን ለጢስ ቤት ሰጠኋት ልበላ?»

ፀደይ ሳሏን እንኳ አቆመች። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ያዝኩ። «ይቅር በሉኝ። ያኔ አምልጦኝ አይደለም፣ አውቄ ነው ያልኩት። ክፉ ቃል ነበር።»

ከላዬ ድምፅ ሰማሁ። የሚያለቅሱ መሰለኝ። ቀና ብል ይስቃሉ! ቅሉን እንዳቀፉ፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ!

«ተነሽ እቴ፣ ጭቃ ላይ ነሽ» አሉኝ። ተነሽ አሉኝ! «ያን ዕለት ሳስታጥብሽ ውኃውን ጭንቅላትሽ ላይ ላፈሰው ቃጥቶኝ ነበር። ይኸው ዛሬ እግዜር በጢስ አጠበሽ፤ ተካክለናል። በይ አሁን ይሄ ምድጃ ታፍኗል። ጣሪያ የሚወጣ ሰው ጥሪ።»

ራሳቸው እርጥብ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ጠምጥመው ገቡ። እሳቱን አጥፍተው ወደ ላይ አንጋጠጡ። «ሰማይ አይታይም» አሉ። እኔ እኮ ያን ሁሉ ስጠርግ ወደ ላይ ማየት አልመጣልኝም!

አያ አለኸኝ ተጠርተው መሰላል ወጡ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመንደዱ እየተቆጡ ነበር የወጡት። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ጮኹ።

«ሸዋረጋ! እዚህ ጢስ መውጫ ውስጥ ገንቦ ተሰክቷል!»

«ምን?»

«ገንቦ ነው የምልሽ! አፉን ደፍቶ! ይሄን የሠራ ግንበኛ አይደለም፣ የቤቱ ጠላት ነው!»

አወረዱት። አንገቱ የተሸረፈ፣ ሆዱ ላይ ነጠብጣብ ያለው። ገና ሳየው አወቅኩት። የእኔ ገንቦ ነው። ጠላቱ እኔ ነኝ።

ፀደይ አራት ዓመቷ ነበር። ክረምት ነፋሱ በጢስ መውጫው ሲገባ ያጉረመርም ነበር፤ እሷ ሰው ስሜን ይጠራል እያለች አልተኛም አለች። ማንያዘዋል መንገድ ላይ ነበር፤ እንደ ልማዱ ሳምንት የሚያድርበት ጊዜ ነው። ጣሪያ ሊያድስ ለመጣ ሰው ይህን ገንቦ ሰጠሁና «የገጠር ቤት ጉልላት ላይ እንደሚደፉት አድርገህ ድፋልኝ» አልኩት። ከፊቱ ቁምሳጥን ገተርኩ። ቁምሳጥኑን አስታውሳለሁ። ገንቦውን እንዴት ረሳሁት? የሻማው ነበልባል እንኳ ቀጥ ብሎ ሲነግረኝ ተመስገን ያልኩ ሴት!

ይህን ሁሉ ዝናቡ ሥር ቆሜ አወራሁ። ፀደይ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ስትሰማ ቆይታ «እኔ እኮ እማዬ ተቆጥታው ሄደ እያልኩ ለትምህርት ቤት ልጆች አወራ ነበር» አለች።

አማቷ ገንቦውን በጣታቸው አንኳኩ። «አልተሰነጠቀም። ለልጅሽ ብለሽ ነው፤ እኔም ብሆን እደፋው ነበር።»

እሳቱ እንደገና ተቀጣጠለ። ጢሱ ወጣ፤ ሄደ፤ አልተመለሰም። ማንያዘዋል ግቢ ቆሞ ወደ ጣሪያው እያየ «አለፈ! አለፈ!» ይላል፤ ማኪና ወደ ኋላ የሚያስነዳ ረዳት መስሎ። የክፍሉ ድንጋይ ቀስ በቀስ ላብ አለው፣ ከዚያ ደረቀ፣ ከዚያ ሞቀ።

ያኔ ነው ቅሉን መሬት ያስቀመጡት።

ሐምሌ 20

አማረች (ወይዘሮ ማለትም አንቱታም ከልክላኛለች) በሦስት ቀን ውስጥ የወር ጭንቀቴን አቃለለችው። አልጋውን ለሰባተኛ ጊዜ ልገፋ ስነሳ «ምነው ከዚህ ግድግዳ ጋር ትጣያለሽ?» አለችኝ።

«ራስጌዋ ከማርያም ሥር ይሁን ብዬ ነዋ!»

«ማርያምን ከራስጌዋ ከምታደርጊባት ፊት ለፊት ብታያት አይሻልም?»

አልጋው ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ሄደ፤ ቁምሳጥኔ ሳሎን ወጣ። አሁን ፀደይ ተጋድማ ሥዕሏንም እሳቱንም ታያለች። ያ ሁለት ሜትር ከአርባ ሜዳ ደግሞ መደብ ሆነ። አያ አለኸኝ በዚያው ለምድጃው መድፈኛ ባመጣነው ብሎኬት ገነቡት፣ በጭቃ ለሰኑት። ለአራስ ጠያቂ መቀመጫ፣ ለእኔ መተኛ። ምድጃው መሀል ቢሆን ኖሮ መደቡ የት ይገባ ነበር? ጣሊያኑን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንኩት።

በግራ በኩል ባለችው ስልሳ ሳንቲም ገንቦው ቆሟል። አመድ እናጠራቅምበታለን። ልክክ ነው ያለው።

ነሐሴ 9

ፍልሰታ ነው። አማረችና እኔ እንጾማለን፤ ፀደይን እናበላለን። የሚጣሉት አማቾች መሆናቸው ቀርቶ የምንጣላው እኔና ፀደይ ነን፤ «በቃኝ» ትላለች። አማረች ልጇን በላቸውን፣ የፀደይን ባል፣ በስልክ «ሚስትህ እህል እምቢ አለች» ብላ ከሰሰችልኝ። በላቸው አማቱን እኔን በጣም እንደሚፈራ አላውቅም ነበር። ትናንት «እንደምን ነዎት» ለማለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ሲመጣ እኔ ነኝ የምንበረከክለት። ወይም ዶሮ እሠራለታለሁ፤ ያ ይሻላል።

አልማዝ አማረችን ለመጠየቅ መጥታ በር ላይ ቀረች። የሠርጉ ዕለት ያን ክፉ ቃል የነገርኩት ለእሷ ጆሮ ነበር። አማረች አየቻትና «ግቢ እንጂ፣ ዛሬ ጢስ የለም» አለቻት። መደቡ ላይ ሦስት ሰዓት ተቀመጠች።

ነሐሴ 22

ሴት!!!

ሌሊት ምጥ ያዛት፣ ሆስፒታል ደረስን፣ ጠዋት ተገላገለች። ሁለቱም ደህና። ማንያዘዋል የልጅቷን ጣት ሲቆጥር ሦስት ጊዜ ተሳሳተ። አማረች ግቢው ድረስ ይሰማ ብላ እልል አለች። ነርሷ «እማማ፣ እዚህ ዝም ይባላል» ስትላት «አንቺም በይ!» አለቻት። ነርሷም አለች።

እሳቱን አልማዝ እየጠበቀችው ነው። ስንመለስ ሞቆ ይጠብቀናል። መጻፉ ይቆየኝ፣ ልጅቷን የማቀፍ ተራው የእኔ ነው።

ነሐሴ 29

ስም ወጣ። ምንዳዬ። ያወጣችው አማረች ናት። ማውጣት የምፈልገው እኔ ነበርኩ፤ አራት ስም አዘጋጅቼ ነበር። ግን መደቡ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሕፃኗን በጋቢዋ ጠቅልላ፣ ወደ እሳቱ እያየች «ምንዳዬ» ስትል አራቱም ጠፉብኝ።

ክፍሉ የገንፎና የቅቤ ሽታ አለው፤ የወይራም። ፀደይ ትናንት ነፋሱ በጢስ መውጫው ሲያጉረመርም ሰማችውና ቀና አለች። ገንቦውን ካነሳን ወዲህ ተመልሷል። «ልድፈነው?» አልኳት። «ተይው፣» አለች፣ «ስሟን እየለመደ ነው።»

መስከረም 3

አማረች ለእንቁጣጣሽ አገሯ ገባች። ስትሄድ ልጅቷን ለእኔ፣ እሳቱን ለማንያዘዋል አደራ ሰጥታ ነው። ቅሉን ትታልኛለች። ማኪና ስትሳፈር ሁለታችንም አለቀስን፤ ያለ ጢስ።

የምንዳዬን ሰማንያ ቀን በጣቴም ቆጠርኩ፣ በወረቀትም ቆጠርኩ፣ ማንያዘዋልም ቆጠረው። ሦስታችን አንድ ቀን ላይ ደረስን። የክርስትናዋ ቀን ኅዳር 6 ላይ ዋለ! የቁስቋም ዕለት! ከሰፈራችን በላይ ታቦቷ የምትነግሥበት ቀን! ማንያዘዋል እንኳ አንገቱን ዘመም አድርጎ አስቦ «ባላንሱን ጠብቋል» አለ።

ስለዚህ ከአሁኑ ልጻፈው፤ ከዚህ ደብተር ላይ እያየሁ ለእያንዳንዱ እደውላለሁ። አማረች ከነቤተሰቧ፣ ለእጅ ውኃው እኔው ነኝ የማስታጥባት። የማንያዘዋል እህት ከድብ ባሕር። አልማዝ ከነሊጧ። አያ አለኸኝ ከነቱምቢያቸው፤ የውሸት ምድጃ ካነሱ ግን ገንቦው ጋ ነው የማስቀምጣቸው። ቤቱ ይጠበናል የሚል ካለ፣ መደቡ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው፤ ተጠጋግተን እንቀመጣለን። ቀርቼ ነበር፣ ሥራ በዝቶብኝ ነበር የሚል ሰው አልሰማም፤ ያን ምክንያት እኔ ራሴ ጨርሼዋለሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ፣ ከቁስቋም ስንመለስ፣ ምድጃው ካለበት ክፍል። ሁላችሁም!